ከቢሴትር እስር ቤት እስከ ኢሜይል፦ የቅድመ ክፍያ ማጭበርበር ታሪክ

በኢሜይልና በስልክ መልእክት እየመጣ፣ ብዙ ገንዘብ ለማስለቀቅ በሚል ሰበብ አስቀድሞ ጥቂት ብር የሚያስከፍለው ማጭበርበር ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የተወለደ ቢመስልም፣ ታሪኩ ቢያንስ እስከ ፈረንሳይ አብዮት ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። «የቅድመ ክፍያ ማጭበርበር» የሚባለው ይህ ወንጀል በሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ከብዕር ወደ ቴሌክስ፣ ከዚያም ወደ ፋክስና ኢሜይል ቢሸጋገርም፣ የሚነገረው ታሪክ አወቃቀር እምብዛም አልተለወጠም፤ ወንጀሉን ለመለየትም ከላኪው አገርና ከአጻጻፉ ጉድለት ይልቅ ይህንን አወቃቀር ማወቁ የበለጠ ይረዳል።

በመጀመሪያ ወንጀለኛ፣ በኋላ ደግሞ የፓሪስ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል መሥራች የሆነው ኡዤን ፍራንሷ ቪዶክ እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ራሱም ታስሮበት በነበረው የቢሴትር እስር ቤት «የኢየሩሳሌም ደብዳቤ» የሚባል ጽሑፍ ይዘጋጅ እንደነበር ገልጿል። እስረኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ የሚኖሩ ባለጸጎችን አድራሻ ከአዲስ ገቢ እስረኞች እየሰበሰቡ፣ አብዮቱን ሸሽቶ ከአገር የወጣ የአንድ ባላባት አሽከር ነኝ በሚል ስም ይጽፉ ነበር። እንደ ደብዳቤው አባባል ጌታና አሽከር ሲሸሹ ወርቅና አልማዝ የያዘ ሣጥን ጥለዋል፤ አሽከሩ ሣጥኑን ፍለጋ ሲመለስ ተይዞ ታስሯል፤ የደብዳቤው ተቀባይ ጥቂት ገንዘብ ቢልክለት ግን ሀብቱ ያለበትን ቦታ ያሳየዋል። ቪዶክ ከመቶ ደብዳቤዎች ሃያው ዘወትር መልስ ያገኙ እንደነበር ጽፎ፣ ምክንያቱንም አስቀምጧል፦ ደብዳቤዎቹ የሚላኩት ለአሮጌው ሥርዓት ታማኝ መሆናቸው ለታወቀ ሰዎች ብቻ ነበር። ይህ ማስረጃ የሚታለለው ሞኝ ወይም ስግብግብ ሰው ብቻ ነው የሚለውን የተለመደ ፍርድ ያፈርሳል፤ በስደት ላለ ባላባት የሚራራ፣ ታማኝነቱንም በተግባር ለማሳየት የሚሻ ሰው የተያዘው በርኅራኄውና በታማኝነቱ ጭምር ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይኸው ታሪክ «የስፔን እስረኛ» በሚል ስም አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ፤ ኒው ዮርክ ታይምስም እ.ኤ.አ. በ1898 አሮጌ ማጭበርበር እንደገና እንዳንሰራራ አንባቢዎቹን አስጠንቅቋል። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ውስጥ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ በፖለቲካ ምክንያት ስፔን ውስጥ የታሰረ ሰው ነው፤ ተቀባዩን የሩቅ ዘመዴ ይለዋል፣ ጠባቂ የሌላት ሴት ልጁንም አደራ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ያለበት ሻንጣ በመንግሥት እጅ ስለተያዘ ግን አስቀድሞ የማስለቀቂያ ወጪ መክፈል ያስፈልጋል። ከቢሴትር ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ የወጣው አዲስ ሰው መካከለኛው ነው። አንዳንድ ጊዜ የእስር ቤት ቄስ መስሎ የሚጽፈው ይህ ሰው ስለ እስረኛው እውነተኛነት ይመሰክራል፤ ዛሬ የባንክ ሠራተኛ፣ የጉምሩክ ሹም ወይም ጠበቃ ነኝ እያለ የሚጽፈው ሰው የሚጫወተውም ይህንኑ ሚና ነው። በደብዳቤው የሚታከለው ምስጢር ጠብቅ የሚል ማሳሰቢያ ደግሞ ሁለት ተግባር አለው፤ በመጀመሪያ ተቀባዩ ከቤተሰቡ ጋር እንዳይመክር ይለየዋል፣ ከተታለለ በኋላም ሕገ ወጥ በሚመስል ነገር የተባበረ መሆኑን እያሰበ ወደ ፖሊስ ከመሄድ እንዲያፍር ያደርገዋል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወንጀሉ ስም ከናይጄሪያ ጋር የተቆራኘበት ምክንያት በዚያች አገር ሁኔታ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲወድቅ ኢኮኖሚው ተናጋ፣ የተማሩ ወጣቶች ሥራ አጡ፤ በወታደራዊ መንግሥታት ዘመን የሕዝብ ሀብት ስለመዘረፉ በዓለም ዙሪያ ይወራ ስለነበር፣ የተደበቀ የነዳጅ ገንዘብ አለ የሚል ደብዳቤ ለውጭ አገር አንባቢ የሚታመን መሰለ። ወንጀሉ በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ማታለልን በሚመለከተው አንቀጽ ቁጥር «419» ተብሎ ተጠራ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ባንኮ ኖሮኤስቴ የተባለው የብራዚል ባንክ፣ አቡጃ ውስጥ ሊሠራ ነው ለተባለ፣ ነገር ግን ለሌለ የአውሮፕላን ማረፊያ 242 ሚሊዮን ዶላር ተጭበርብሯል። የማጭበርበሩን ዋና ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋተኛ ያለው የናይጄሪያ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ክሱን የመሠረተው በዚያው አገር በ2003 ሥራ የጀመረው የኢኮኖሚና የፋይናንስ ወንጀሎች ኮሚሽን ነው። በፓሪስ እስረኞች ብዕር የተጻፈን ታሪክ የአንድ አፍሪካዊ ሕዝብ ባሕርይ አድርጎ መቁጠር እንግዲህ ስድብ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ስሕተትም ነው።

ማጭበርበሩ ወደ ኢሜይል ከተሸጋገረ በኋላ፣ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ የሆነው ኮርማክ ሄርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ የኢሜይሎቹ ታሪክ ለማመን የሚያስቸግር መሆኑ ለአጭበርባሪው ጥቅም እንዳለው አስረድቷል። ኢሜይል መላክ ወጪው ኢምንት ነው፤ አድካሚው ሥራ የሚጀምረው መልስ ከሰጠው ሰው ጋር በሚደረገው ረጅም መጻጻፍ ነው፤ ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና ከመጀመሪያው መስመር ስቆ ቢተወው፣ አጭበርባሪው ጊዜውን ለሚያምነው ሰው ብቻ ያውለዋል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይኸው አወቃቀር ጎልቶ ከሚታይባቸው መልኮች አንዱ የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ነው፤ ሣጥኑና ሻንጣው በቪዛ ተተክተዋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለዕጣው ባለዕድሎች ማሸነፋቸውን በኢሜይል አይገልጽም፤ ተመዝጋቢው ውጤቱን የሚያውቀው የማረጋገጫ ቁጥሩን በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ራሱ አስገብቶ ሲያይ ነው፤ የቪዛው ክፍያም በቃለ መጠይቁ ዕለት በኤምባሲው ወይም በቆንስላው ገንዘብ ተቀባይ ፊት ይፈጸማል። ከዚያ በፊት በሐዋላ ወደ ግለሰብ ስም እንዲላክ የሚጠየቅ የቪዛ ገንዘብ ሁሉ የማጭበርበሩ አካል ነው። የተታለሉ ሰዎች አድራሻም ከአጭበርባሪ ወደ አጭበርባሪ ስለሚሸጥ፣ ከጊዜ በኋላ ጠበቃ ወይም መርማሪ ነኝ የሚል ሌላ ሰው ብቅ ብሎ የጠፋው ገንዘብ መገኘቱን ያበሥራል፣ ለማስመለሻውም አስቀድሞ የሚከፈል የአገልግሎት ዋጋ ይጠይቃል።