ጄፍሪ ዊልኪንሰን፦ የምርምር ጽሑፎቹ

ሰር ጄፍሪ ዊልኪንሰን (1921–1996፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ስሙን ያስጠሩት ጽሑፎች ብረት አስተኔዎች ከካርቦንና ከሃይድሮጂን ጋር የሚፈጥሩትን ትስስር ይመረምራሉ። ይህ ዘርፍ ኦርጋኖሜታሊክ ኬሚስትሪ ይባላል።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ከዚህ መስክ የራቁ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በካናዳ የአቶም ምርምር ላይ ሠርቷል፤ ከ1946 እስከ 1950 ደግሞ በርክሌይ፣ ኬሚስቱ ግሌን ሲቦርግ ዘንድ፣ በሳይክሎትሮን አዳዲስ አይሶቶፖች ሲያመነጭ ቆየ። ቀጥሎ ኤምአይቲ፣ በ1951 ደግሞ ሃርቫርድ ገባ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪሊና ፖሰን የተባሉ ኬሚስቶች፣ አንድ የብረት አቶምና ሁለት ባለ አምስት ካርቦን ቀለበቶች ያሉት ብርቱካንማ ውሁድ ማግኘታቸውን «ኔቸር» መጽሔት ላይ አስታወቁ። ብረቱ ከእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘ መስሏቸው ነበር። ዊልኪንሰን አልተቀበለውም። በ1952 ከሮዘንብለም፣ ከዋይቲንግና ከሮበርት ዉድዋርድ ጋር ያሳተመው ደብዳቤ፣ ብረቱ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል እንደ ሳንድዊች መቀመጡንና ከአሥሩም ካርቦኖች ጋር በእኩል መተሳሰሩን አስረዳ። ማስረጃዎቹ በጣም ቀላል ነበሩ፦ በኢንፍራሬድ ጨረር የካርቦንና የሃይድሮጂን ትስስር አንድ መስመር ብቻ ማሳየቱ፣ ውሁዱ በማግኔት አለመሳቡ፣ ሞለኪውሉም የኤሌክትሪክ ዋልታ የሌለው መሆኑ። ከእነዚህ ሦስት ምልክቶች ተነስቶ እስከዚያ ድረስ ያልታሰበ ቅርጽ ላይ መድረስ በዘመኑ ኬሚስትሪ ከታዩት ድፍረቶች ሁሉ የላቀ ነው ቢባል አልተጋነነም። በጀርመን ኤርንስት ኦቶ ፊሸር በራሱ መንገድ እዚያው መዋቅር ላይ ደርሷል። ውሁዱ ፌሮሲን ተባለ። የ1973 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዊልኪንሰንና ለፊሸር ሲሰጥ የተዘለለው ዉድዋርድ ቅሬታውን ለኮሚቴው ጽፏል። የደብዳቤው ደራሲዎች ዝርዝር እንደሚያሳየውም፣ ቅሬታው መሠረት ነበረው።

ዊልኪንሰን በብረት አልቆመም፤ በዚያው በ1952 የሩቴኒየሙን አቻ አሳተመ፣ ሌሎች ብረት አስተኔዎችም ተከተሉ። በ1955 ከበርሚንግሃም ጋር ሬኒየም ከሃይድሮጂን ጋር በቀጥታ መተሳሰሩን በኑክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ (ኤንኤምአር) አሳየ። በ1956 ከፓይፐር ጋር፣ በአንድ ካርቦን ብቻ የታሰረ ቀለበት ማሰሪያውን ከካርቦን ካርቦን በፍጥነት እንደሚቀያይር ሐሳብ አቀረበ፤ ሙሉ ማረጋገጫው ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ።

በ1956 ለንደን፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገባ። የቀድሞ ተማሪው ከነበረው ከአልበርት ኮተን ጋር በ1962 ያሳተመው «አድቫንስድ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ» በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱ ዋና መጽሐፍ ሆነ።

በስሙ የሚጠራው ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ አፋጣኝ) የተወለደው ለንደን ነው። በ1965 በአጭሩ፣ በ1966 ከኦዝቦርን፣ ከጃርዲንና ከያንግ ጋር በሰፊው የተገለጸው ይህ ውሁድ፣ በአንድ ሮዲየም ዙሪያ አንድ ክሎሪንና ሦስት ባለ ፎስፈረስ ሞለኪውሎች የያዘ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲላቀቅ ለሃይድሮጂንና ለአልኪን (ድርብ ትስስር ላለው የካርቦን ውሁድ) ቦታ ይለቀቃል፤ ሁለቱም እዚያ ይጣመራሉ። ጽሑፉ ይህን ሂደት ደረጃ በደረጃ ተከታትሎታል፤ ዋጋውም በዚህ ላይ ነው። ካታሊስቱ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ፣ በክፍል ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ይሠራል። ዊሊያም ኖውልስ በ1968 ፎስፈረሶቹን ግራና ቀኝ በሚለዩ ሌሎች ተክቶ ያስጀመረው ሥራ የፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒት የሆነውን ኤል-ዶፓ ለማምረት አገለገለ፤ ኖውልስም በ2001 ኖቤል ተጋራ። የዊልኪንሰን ቡድን በ1968 ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ያጠናው ሌላ የሮዲየም ውሁድ ደግሞ በ1970ዎቹ ወደ ፋብሪካ ገብቶ አልዲሃይድ በዝቅተኛ ግፊት ማምረት አስቻለ።

ከኋለኞቹ ሥራዎቹ ክብደት ያለው ሄክሳሜቲል ተንግስተን ነው። በተንግስተንና በመሰሎቹ ላይ ከካርቦን ጋር የሚፈጠር ተራ ትስስር በተፈጥሮው ደካማ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1973 ከሾርትላንድ ጋር ስለ ስድስት ሜቲሎች በአንድ ተንግስተን ላይ መታሰር ሲጽፍ፣ ጥያቄው ከትስስሩ ጥንካሬ ወደ መበታተኛው መንገድ ዞረ፦ ውሁዶቹ የሚፈርሱት ለመፍረስ ቀላል መንገድ ሲያገኙ ነው፣ መንገዱ ከተዘጋ ይቆያሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ያደረገውን የኖቤል ንግግርም ለዚሁ ጉዳይ አዋለው።