ስለ ጣና የደንገል ታንኳና ስለ ቀዛፊዎቿ

ከኢየሩሳሌም ወደ ገሊላ የሚወርዱ ተሳላምያን ከጥብርያዶስ ባሕር ዳር በደረሱ ጊዜ፣ ጌታችን በታንኳ ተቀምጦ ሕዝቡን ያስተማረበትን፣ ማዕበሉንም የገሠጸበትን ውኃ አይተው ያደንቃሉ። በ1978 ዓ.ም. ውኃው በድርቅ ምክንያት በጐደለ ጊዜ ከጭቃው ውስጥ አንዲት ጥንታዊት የእንጨት ታንኳ ተገኘች። ርዝመቷ ከ8 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ሊቃውንትም መርምረው በጌታችን ዘመን አካባቢ የተሠራች መሆኗን አስረዱ። ብዙ ዐይነት እንጨት እየተቀጠለ የታደሰች ስለ ሆነች፣ የድኾች ዓሣ አጥማጆች ንብረት እንደ ነበረች ይገመታል። የሚያያት ተሳላሚ ሁሉ የሐዋርያትን ሥራ ያስባል።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ተሳላሚ ግን ከዚህች ይልቅ ለአገሩ የምትቀርብ፣ ዳሩ ግን የምትዘነጋ ሌላ ታንኳ አለች። እርሷም የጣና ባሕር የደንገል ታንኳ ናት።

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ዓባይም የሚወጣበት ታላቅ ውኃ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ በበዛበት ስፍራ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ፣ ጧት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የታየው ባሕር ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ፈጥኖ ይናወጣል። ስለዚህ የባሕሩን ጠባይ የሚያውቅ ቀዛፊ ሌሊት ተነሥቶ ጎሕ ሲቀድ ጒዞውን ይጀምራል።

ታንኳይቱ የምትሠራው በባሕሩ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በእስር በእስር ተደርጎ በልጥ ይጠበቃል፤ እስሮቹም ተጋጥመው ግንባሯ ወደ ላይ የቀና ታንኳ ይሆናሉ። ምስማር የላትም፤ ሳንቃም የላትም። ቀዛፊው ረጅሙን ዘንግ በመካከሉ ይዞ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ውኃውን እየገፋ ይሄዳል። የደንገሉ ልብ እንደ ሰፍነግ አየር የያዘ ስለ ሆነ ታንኳይቱ በማዕበል ብትሞላም ፈጥና አትሰጥምም። ነገር ግን ውኃ እየጠጣች ትከብዳለችና ከጒዞ በኋላ ወደ ምድር ተስባ በፀሐይ መድረቅ አለባት። እንዲህም ተጠብቃ ዕድሜዋ የጥቂት ወራት ብቻ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር በውኃ ላይ የሚሄደውን የደንገል መርከብ ማንሣቱን ያስተዋለ ሰው፣ ይህ ጥበብ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ይረዳል።

እንግዲህ ይህች ደካማ ዕቃ ምን እንደ ተሸከመች እንመልከት። በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ታላላቅ ገዳማት ተመሥርተዋል። ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለ600 ዓመታት ያረፈችበት መሆኑ በአበው ይነገራል። ዳጋ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኂሩተ አምላክ ተመሠረተ። በዚያም የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ1660 ዓ.ም. ያረፉት የዐፄ ፋሲልም አፅም ተጠብቆ ይኖራል። ክብራን ገብርኤል በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተሣለው ወንጌሉ የታወቀ ነው። በደቅ ደሴት የምትገኘውን ናርጋ ሥላሴንም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት አሠርተዋታል። ግራኝ አሕመድ አብያተ ክርስቲያናትን ባቃጠለበት ዘመን ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ እነዚህ ደሴቶች እየተሻገሩ ድነዋል። ደሴት በድልድይ አይደረስበትምና፣ መጽሐፉም፣ ጽናሐውም፣ የንጉሡም አፅም መንገዳቸው በውኃ ላይ ነበረ። በድንጋይ የታነጹት የየብስ አድባራት ሲፈርሱ፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የምትኖረው ታንኳ የዘመናትን ሀብት አሻገረች።

ታንኳይቱን በመሥራትና በመቅዘፍ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት በባሕሩ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ጥንት ጉማሬ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ወፍጮ ድንጋይ እየወቀሩ ይኖሩ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዳሩ ግን በጽሑፍ ሳይያዝ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እስልምናን ቢቀበሉም የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ በመባል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጸየፋቸው፣ አብሯቸውም አይበላም ነበር። እዚህ ላይ ልብን የሚወቅስ ነገር አለ። ከእጃቸው እንጀራ የማይቀበለው ሰው፣ እጃቸው በጠፈረችው ታንኳ ላይ ሕይወቱን አደራ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ጸሎት ያደረሰው መነኵሴ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ መጽሐፉን ያስጻፈው ንጉሥም ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ይነበባል፤ ታንኳውን የጠፈረውና የቀዘፈው ግን ስሙ የትም አይገኝም። ቅዱስ ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁን የሚያስፈልጉ መሆናቸውን ለቆሮንቶስ ሰዎች ያስተማረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የውጭ አገር ሰዎችም የዚህችን ታንኳ ነገር አድንቀዋል። ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን ደሴቶቹን እየዞረ ጐብኝቶ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ጽፏል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳልም የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት አስቦ፣ ደንገሉን ከጣና አስጭዶ ወደ ግብፅ አስወሰደ፤ በፒራሚዶቹም አጠገብ «ራ» የተባለችውን መርከብ አሠራ። በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ የኋላ ጫፏ እየሰጠመ ስለ ተፈታታች ጥለዋት ወጡ። በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛይቱ ግን በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። ዓለም የሄየርዳልን ስም አወቀ፤ ደንገሉን ያጨዱትን ግን ማን ጠየቀ?

ዛሬ የታንኳይቱ ዘመን እያለፈ ነው። ተሳላምያን በሞተር ጀልባ በጥቂት ሰዓት ከደሴት ደሴት ይደርሳሉ፤ ይህም ለደካሞችና ለሽማግሌዎች መልካም ነው። ነገር ግን ዳርቻው እየታረሰ የደንገሉ ስፍራ ጠብቧል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የተባለው አረም ባሕሩን ወሮታል። ደንገል ሲጠፋ የሚጠፋው የታንኳ ዕንጨት ብቻ አይደለም፤ ከየብስ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራው፣ ዓሣውና ወፉም የሚራቡበት መጠለያ አብሮ ይጠፋል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ ከሚጠበቁ የተፈጥሮ ስፍራዎች መካከል መመዝገቡ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ዳሩ ግን መዝገብ ብቻውን ደንገል አያበቅልም።

ስለዚህ ወደ ጣና የሚሄድ ተሳላሚ ሁሉ ታቦቱን ተሳልሞ፣ መጽሐፉን አይቶ ሲመለስ፣ በባሕሩ ዳር በፀሐይ የተዘረጋችውን ታንኳ አልፎ አይሂድ። ከአጠገቧ የተቀመጠውንም ሠሪ ሰላም ይበለው፤ ስሙንም ይጠይቀው። በገዳማቱ ዳርቻ የሚኖሩ አባቶችም ደንገሉን እንደ ቅጥራቸው ይጠብቁት። አባቶቻቸውን ያሻገረ እርሱ ነውና።