የእሑድ ስንቅ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የሐይቅ ተማሪ ነው። ልጅቱን ከብዙ ልጆች ገጥሜ ነው የሠራኋት፤ ስለዚህ ስም አላወጣሁላትም። ጀርባዋ ላይ ያለው ስንቅ ግን የእውነት ነው። እኔም በልጅነቴ ተሸክሜዋለሁ፤ ክብደቱን ትከሻዬ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እሑድ ፀሐይ ዘወር ስትል ሐይቅ ከተማ ዳር የቆመ ሰው ልጆቹን ያያቸዋል። ከተሁለደሬ ገጠር በየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ሁለትም ሦስትም ሆነው፣ አንዳንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ። ጀርባቸው ላይ ማዳበሪያ አለ። ማዳበሪያው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬ፣ በሃይላንድ የተቀዳ ዘይት፣ ከተገኘም ቆሎ። እናትየው እስከ መንገዱ አጋማሽ ተሸክማ ትሸኝና "በይ አላህ ያግዝሽ" ብላ ትመለሳለች።

የኛ ልጅ ቤቷ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየች። ከሦስቱ ሁለቱ ሙስሊም፣ አንዷ ክርስቲያን ናቸው፤ ወሎ ነውና ይህን እንደ ወሬ የሚያነሣው የለም። ረቡዕና ዓርብ ለአንዷ ሲባል ሦስቱም የጾም ይበላሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ክርስቲያኗ የማፍጠሪያውን ሾርባ ቀድማ ትጥዳለች።

እንጀራው ይቆጠራል። አሥራ አራት ነው፤ በቀን ሁለት። እስከ ረቡዕ ለስላሳ ነው፣ ሐሙስ መሻገት ይጀምራል። ስለዚህ ሰኞ ማታ ግማሹን ቆራርሳ፣ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ድርቆሽ ታደርገዋለች። ይህን ያስተማራት መምህር የለም። ባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ "ፈንገስ" የሚለው ምዕራፍ ሲመጣ፣ ልጅቱ ነገሩን በዓይኗም በአፍንጫዋም ቀድማ ታውቀው ነበር።

ክፍሏ ውስጥ ቀለሜዋ እሷ ናት። ሂሳብ ስትፈተን ትደፍናለች። ፊዚክስ ላይ ወንዶቹ ወርክሺት ይዘው ወደሷ ይመጣሉ። ማታ ግን አከራይዋ መብራቱን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አትፈቅድም፤ ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ ነዋ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥናት በስልክ ባትሪ ነው። ስልኩን የላከችላት ጅዳ ያለች ታላቅ እህቷ ናት። እህትየዋ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። በየጊዜው ከምትልከው ብር ላይ የአጋዥ መጽሐፉ፣ የደብተሩ፣ የቤት ኪራዩ ይወጣል። ከተሁለደሬና ከአምባሰል ስንት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የእነዚያ ልጆች ጉልበት ስንት ታናሽ ወንድምና እህት ክፍል ውስጥ እንዳስቀመጠ ግን ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እሩቅ ነው፣ ታገሡኝ።

ልጅቱ አንዳንድ ቀን ደብተሯን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች። ማዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ሴት አይገባበትም። እሷ ከዳር ሆና ዛፉን ታያለች፣ ደወሉን ትሰማለች። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ቦታ ላይ ትምህርት ቤት ያቆመው አባ ኢየሱስ ሞዐ ነው። የዳኅና ልጅ ነበር። ትምህርት ፍለጋ ትግራይ ድረስ ሄዶ፣ ደብረ ዳሞ ላይ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀምጦ፣ መጻሕፍት መገልበጥ ተምሮ ነው ሐይቅ የመጣው። ኋላ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከርሱ ዘንድ መማራቸውን ትውፊቱ ይናገራል። የገዳሙ አበምኔት "ዐቃቤ ሰዓት" እየተባለ በቤተ መንግሥት የሚሰማ ሰው ሆነ። የኢየሱስ ሞዐ ምስል ያለበት የወንጌል መጽሐፍ ከዚያ ዘመን ተርፎ እኛ ድረስ ደርሷል። እንግዲህ ሰው ሐይቅ ዳር ለመማር መምጣት ከጀመረ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ያን ሁሉ ተማሪ ማን አበላው? እኔን ያስጨነቀኝ ይኸ ጥያቄ ነው።

የቆሎ ተማሪውን ታውቁታላችሁ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ይቆማል። የቤቱ እመቤት እንጀራ ትቆርሳለች፤ ልጁ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም። በዚህም በዚያም የለመነውን ይዞ ወደ ቅኔ ቤቱ ይመለሳል። ወዲህ ደግሞ የወሎ ታላላቅ የቂርአት፣ የእስልምና ትምህርት፣ ቦታዎች ነበሩ፣ እነ ዳና፣ እነ ጌታ፣ እነ ጀማ ንጉሥ። ደረሳው ከእሩቅ አገር መጥቶ ሐሪማው ውስጥ ያድራል፤ ሰዉ ዘካውንና ሰደቃውን ያደርስለታል፣ ጎረቤቱ እራቱን ያቀርብለታል። በሁለቱም ቤት ሕጉ አንድ ነበር፦ ተማሪ የአገር ልጅ ነው፣ አገር ያበላዋል። ኑሮው ቀላል ነበር አልልም፤ በረሃብም በበሽታም የቀረው ብዙ ነው። ግን ስንቁ በአንዲት እናት ጀርባ ላይ ብቻ አልነበረም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ሕግ አብሮት አልመጣም። ለረጅም ጊዜ የወሎ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ደሴ መውጣት፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት መግባት ነበረበት። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ያድራል፣ የሌለው ይቀራል። ከዚያ በየወረዳው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ያለዚያ እዚህ አልደርስም ነበር። ስንቁ ግን እዚያው እናት ጀርባ ላይ ቀረ፣ መንገዱ ብቻ አጠረ።

ሌላም ሸክም አለ፤ ቋንቋው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቃል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጠይቆ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ "ጎበዝ" ብሎ ያልፋል፤ ልጆቹ ገና ጥያቄውን እየገለበጡ ናቸው። የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ በአማርኛ ሊያስረዳቸው ይሞክራል።

የኛ ልጅ ፕላዝማው ላይ አልደረሰችም። የታሪክ ክፍለ ጊዜ የሆነውን ግን ልንገራችሁ። ከሐይቅ በስተሰሜን የወልድያን መንገድ ስትይዙ፣ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያን ውል የተፈራረሙት እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም "ይቻላቸዋል" ይላል፤ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነ። በአንድ ግሥ ምክንያት ከሰባት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ስንት ሺህ ሰው ወደቀ። መምህሩ ይህን በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው የመገረም መስሎት ነበር። ቆይቶ ሲጠይቅ የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። መጽሐፉን ዘጋና በአማርኛ ጀመረው፤ ያኔ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ የኛ ውጫሌ?" አለ። ፈተናው ላይ ግን ጥያቄው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩም ያውቀዋል፤ የደወሉ ሰዓት እስኪደርስ ሁለቱንም ቋንቋ እያፈራረቀ አስተማረ። እንዲህ ያሉ መምህራን በየገጠሩ ከተማ አሉ፤ ደመወዛቸው ለወር አልበቃ እያለ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ማጠናከሪያ የሚያስተምሩ።

ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል የገባችው በ2014 ዓ.ም. ነበር። ያን ዓመት ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን አልፎ ደሴ ደረሰ። ተከራይተውባት የነበረችው ክፍል ባዶ ቀረች፤ ልጆቹ ወደየገጠራቸው ሸሹ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አካባቢው ሲለቀቅ በየቦታው የተዘረፉና የፈራረሱ ትምህርት ቤቶች ተገኙ። ሌላው አገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ኅዳር መባቻ ላይ ሲወስድ፣ በጦርነቱ ቀጠና የነበሩት በሁለተኛ ዙር በጥር ተፈተኑ። ከወራት ሽሽት በኋላ! እነዚያ ልጆች ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጭንቅላታቸው ውስጥ ምን እንደነበር አስቡት።

ቀጥሎ የመጣው የሁላችንም ድንጋጤ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ ከተሰረዘ ወዲህ ኩረጃው እየባሰ ሄዶ ነበር፤ መንግሥት የ2014ቱን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ አደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ፈተናው እንዲህ መጠበቁን አልቃወምም። የተኮረጀ ነጥብ በመጀመሪያ የሚሰርቀው እንደኛ ልጅ በባትሪ ያጠናውን ነው። ግን ውጤቱ ሲወጣ ጎልተው የታዩት እነማን ነበሩ? አዳሪ ትምህርት ቤቶች። ልጁ ተመርጦ የገባ ነው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ግን ደግሞ ቁርሱን በልቶ ክፍል የሚገባ፣ መብራት ያለው፣ ሐሙስ እንጀራው የማይሻግትበት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ታናናሾቹን ተማሪዎች በትምህርት ቤት ትመግባለች። ሐይቅ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚማረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ያን ያህል ያሰበለት ማን ነው? ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚያው ተሁለደሬ፣ ጃሪ መጠለያ ያለው ቤተሰብስ ለልጁ ከየትኛው ጎተራ ስንቅ ይቋጥርለት?

ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ የማወራው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ከ2015 ሐምሌ ማለቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ያልተዘጋበትም መንገዱ አያስተማምንም። አንድ ዓርብ ቤቷ ሳትሄድ ቀረች፣ ቀጣዩንም ዓርብ። ማዳበሪያው ባዶ ሆነ። የክርስቲያኗ ልጅ ስንቅ ለሦስት ተከፈለ። ረቡዕ ላይ እሱም አለቀ። ሐሙስ ማታ በሩ ተንኳኳ፤ አከራይዋ ናት፣ መብራቱን ልትቆጣ የመጣች መስሏቸው ባትሪያቸውን አጠፉ። እትዬ ግን ሞሰብ ይዛ ነው የቆመችው። "ለካ ጢስ ካያችሁ ሦስት ቀናችሁ፤ ምነው ባትናገሩ?" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱ እስኪከፈት ከቤቷ ምጣድ ሦስት ሦስት እንጀራ ተጨማሪ ወጣ። መብራቱንም ዳግመኛ አላነሣችውም።

በ2017 ክረምት መግቢያ ላይ የፈተናው ቀን ደረሰ። እናትየው ያን ቀን ከተማ ድረስ መጣች። ነጠላ አንሶላና ብርድ ልብስ ጠቀለለች፤ ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ ቋጠረች። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ልጅቱ ስልኳን ለእናቷ ሰጠች፤ ጅዳ ያለችው እህቷ ስትደውል የምታነሣው እናትየው ሆነች። አውቶቡሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲነሣ የገጠር ልጆቹ ሁሉ ባዶ ጀርባቸውን ነበሩ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

የዚያ ዓመት ፈተና ውጤት ሲወጣ በአገር ደረጃ ያለፈው 8.4 በመቶ ነበር። የኛን ልጅ ከየትኛው ወገን እንዳደርጋት ብዙ አሰብኩ። ከብዙ ልጆች የተገጠመች ናት ብያችኋለሁ፤ ካለፉትም፣ ሬሜዲያል ከገቡትም፣ ነጥቡ ከተጣላቸውም አለችባት። ስለዚህ ውጤቷን ትቼ የመጀመሪያውን ማታ ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲው ካፌ ውስጥ ተሰለፈች። ትሪዋ ላይ ሁለት እንጀራ ወጥ ፈሶበት ተሰጣት። ተቀምጣ አንዱን በላች። ቀና ብላ አየች፤ ልጆቹ እየበሉ ስለ ነገው እንግሊዝኛ ይከራከራሉ። ሁለተኛውን እንጀራ ከወጡ ለይታ፣ ደረቅ ደረቁን ቆርሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ገና ሰኞ ነበር።