ተቀባዩን ማን ጠየቀው? የድሬዳዋ የርካሽ ስልክ ክፍያና ችላ የተባለው የደረሰኝ መልእክት

ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚመዝን ነጋዴ ሲከፈለው የከፋዩን ስልክ አያይም። ገዢው ስክሪኑን ቢዘረጋለትም እሱ ባለቁልፍ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይጠብቃል። «አቦ ቆይ፣ አልገባም።» ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጢጥ ይላል፤ «ገባ።» ፌስታሉ ከእጁ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ስለ ሞባይል ክፍያ የተጻፈልን ጥናት አብዛኛው ይህን ሁለተኛ ስልክ አላየውም።

ክፍያው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ላይ አልቆይም። ተመራማሪዎቹ ሱሪና ጃክ ኤምፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በኬንያ 194,000 ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ በ2016 እ.ኤ.አ. ገምተዋል፤ ይሁን። የአገር ቤቱም ሂደት የታወቀ ነው፦ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ላልሆኑ ተቋማት በር ከፈተ፤ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ጀመረ፤ ሳፋሪኮም ነሐሴ 23 ቀን 2014 የሙከራ ኔትወርኩን ከሌላው ከተማ ሁሉ አስቀድሞ በድሬዳዋ ለቀቀ፤ ኤምፔሳው በዓመቱ ተከተለ።

ጠቤ ከፍሬድ ዴቪስ ጋር ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በኤምአይኤስ ኳርተርሊ ያሳተመው ሞዴል አንድን ቴክኖሎጂ ሰው የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «ይቀለኛል» ብሎ ሲያምን ነው ይላል። የማስተርስ ተማሪዎቻችን ሞዴሉን እንደ ዳዊት ደግመውታል። ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዴቪስ መለኪያዎቹን የፈተነው በ152 ሰዎች ነው፤ 112ቱ ቶሮንቶ የሚገኝ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ሠራተኞች፣ 40ዎቹ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በማታ የሚማሩ የንግድ አስተዳደር ተማሪዎች ናቸው። የተጠየቁትም ስለ ኢሜይል፣ ስለ ጽሑፍ ማረሚያና ስለ ግራፍ መሥሪያ ፕሮግራሞች ነበር። ጥያቄዎቹ «ሥራዬን ያፈጥንልኛል ወይ» በሚል አቅጣጫ የተቀረጹ ናቸው። ግራፍ የሚሠራ ሰው ከፊቱ ቆሞ «አልገባም» የሚለው የለበትም። ክፍያ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቃልም የተቀባዩ ነው። ከፋዩ ቢያምን፣ ቢቀለው፣ ቢወደው እንኳ ነጋዴው «አልገባም» ካለ ክፍያ የለም።

ሞዴሉ በኋላ «የማኅበራዊ ተጽዕኖ» መለኪያ ተጨምሮለታል የሚሉኝ አሉ። ያ መለኪያ ቅርቦቼ እንድጠቀም ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባለሽንኩርቱ የማንም ቅርብ አይደለም።

በስልኩ ላይ ያለውም ክርክር ያንኑ ስህተት ይደግማል። በብዙዎቹ የቴክኖና የአይቴል ርካሽ ስልኮች ኤንኤፍሲ አለመኖሩ እንደ ትልቅ ጉድለት ይነሳል። ኤንኤፍሲ በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት የሚሠራ፣ በከፋዩም በተቀባዩም በኩል ዕቃ የሚሻ ቴክኖሎጂ ነው፤ የከፋዩ ስልክ ቢኖረው ባለሽንኩርቱ ማንበቢያውን ከየት ያመጣል? ዩኤስኤስዲ የሚባለው የአጭር ቁጥር አገልግሎት በአንጻሩ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለቴሌብሩ ኮከብ 127 መሰላል የቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ሳይነካኩ መክፈል ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የተረሳው ምንጭ እንግዲህ የደረሰኝ መልእክቱ ነው። ስክሪንሾት በቀላሉ ስለሚቀነባበር ነጋዴው የሚያምነው በራሱ ስልክ የገባውን ብቻ ነው። ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ያሰፈረውን ያነበበ ያስታውሳል፦ ተቀባዩ የንግሥቲቱ ጌጥ ዶቃዎች ፈክተው መታየታቸውን ካላረጋገጠ ብሩን ይመልስ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋም የወረሰችው ይህንኑ ነው፤ ዶቃ የሚቆጥር ዓይን ዛሬ መልእክት ያነባል።

መልእክቱ ራሱ ደግሞ ልክ አለው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ምልክት ብቻ ይይዛል። በቁቤ የሚጻፈው ኦሮምኛና በላቲን የሚጻፈው ሶማሊኛ በአንድ መልእክት ሲያልቁ ያው ደረሰኝ በአማርኛ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ቋንቋዎች በአንድ የገበያ ረድፍ በሚነገሩባት ከተማ ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ የቁልፍ ስልክ የመልእክት ሳጥን ጠባብ ነው፣ ሲሞላም አዲስ አይቀበልም።

በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ሲወሰን የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። የባጃጅ ሾፌር ይጠቅመኛል አይጠቅመኝም ብሎ የሚመዝንበት ዕድል አልነበረውም፤ ማደያው ጥሬ ብር አልቀበል ሲል ከፋዩ ተከተለ። አስገዳጅ ስለሆነ ምሳሌ አይሆንም የሚል ቢኖር፣ ተቀባይ ሁልጊዜም አስገዳጅ መሆኑን ዘንግቷል።

ይህ ጽሑፍ ቆጠራ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በሌላ ከተማ ሁኔታው ሊለይ ይችላል። ቆጠራው እስኪደረግ ግን መጠይቅ የምታዘጋጁ ተማሪዎች «ቴሌብር ይቀልዎታል?» ከሚለው በፊት ለሻጩ አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፦ «ብሩ መግባቱን በምን ያውቃሉ?»