የብስክሌት ውድድር በደጋ ምድር፦ አካልና አእምሮ

የጎዳና ብስክሌት ውድድር ጉልበተኛ ሁሉ የማያሸንፍበት ስፖርት ነው። ፊት የሚጋልበው ንፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ድካሙ በሩብ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀልለታል። ስለዚህ ልምምዱ እግርን ማጠንከር ብቻ አይደለም። ከሰው የኋላ ጎማ አንድ ክንድ ርቆ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መብረርንና በዚያ ፍጥነት አለመደንገጥን መልመድ ጭምር ነው። ይህ ደግሞ ብቻን ዳገት በመውጣት አይገኝም።

ዳገቱስ በምዕራብ ጎጃም ሞልቷል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡሬ ከዚያ ከፍ ትላለች፤ የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ደግሞ ወረዳዋ በስሙ ደጋ ነው። በ2,000 ሜትር የአየር ግፊት ወደ አራት አምስተኛ ስለሚወርድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ከቆላ የመጣ ጋላቢ ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ እያበዛ ይለምደዋል። የአማራ ደገኞች ነገር ግን ለየት ይላል፤ አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት መሠረት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ እምብዛም አይርቅም። ይህ ግን የብስክሌት ሻምፒዮንነት ማረጋገጫ አይደለም። ስስ አየር ላይ ሳንባ እግርን ቀድሞ ስለሚደክም፣ በሙሉ ኃይል መለማመድ ይከብዳል። ከፍታ ላይ አድሮ ዝቅ ብሎ መለማመድ የተመከረው ለዚህ ነው። ለጎጃሜ የዓባይ በረሃ ቅርብ ነበር፤ ሙቀቱና የከባድ መኪናው ብዛት ባያስፈራ።

ድካም የሚወሰነው በጡንቻ ብቻ አይደለም። ሳሙኤሌ ማርኮራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰዎችን ለ90 ደቂቃ ትኩረት በሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ አድክመው ቋሚ ብስክሌት አስነዷቸው። ልባቸውና ሳንባቸው ከወትሮው የተለየ ነገር አላሳየም፤ ሆኖም ቀድመው አቆሙ፤ ግልቢያው ከብዶ ተሰምቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በተሠራ ሌላ ሙከራ፣ ጋላቢዎች የካርቦሃይድሬት መጠጥ ሳይውጡ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ብቻ የአንድ ሰዓት ያህል ግልቢያቸውን በ3 በመቶ ገደማ አፈጠኑ። አፍ ለአንጎል «ስንቅ እየመጣ ነው» ያለው ይመስላል። ውድድሩ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ግን መጉመጥመጥ አያዋጣም፤ በጡንቻ የተከማቸው ስኳር ስለሚያልቅ በየሰዓቱ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት መውሰድ ያስፈልጋል። በማር የተበጠበጠ በሶ ለዚህ የሚያንስ አይደለም።

የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች ኦሊምፒክ ላይ መጀመሪያ የታዩት አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ነው፤ ገረመው ደንቦባ በዚያም በ1960ው የሮም ኦሊምፒክም ጋልቧል። ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ ግን እስከ 2016 (እ.ኤ.አ.) አልነበረም። በዚያ ዓመት ጽጋቡ ግርማይ በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተሰለፈ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በውጭ ቡድኖች ውስጥ፣ በመቶ ሰው መሃል መጋለብን ሲለምድ ቆይቷል።