አሸዋን ያዳመጡ

በ1849 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ማሌት የተባለ አይርላንዳዊ መሐንዲስ ከደብሊን በስተደቡብ ወደሚገኘው የኪላይኒ ባሕር ዳርቻ ባሩድ ይዞ ወረደ፡፡ ባሩዱን አሸዋ ውስጥ ቀበረ፡፡ ግማሽ ማይል ያህል ርቆም አበው ባዜቃ የሚሉትን ሜርኩሪ በሳሕን ሞልቶ አስቀመጠ፡፡ በሜርኩሪው ገጽ ላይ የቀጭን ክሮች ምስል ይንጸባረቃል፤ ተመልካቹም በማጉያ መነጽር ያንን ምስል እያየ ይጠብቃል፡፡ ባሩዱ ሲፈነዳ ሰዓት ይነሣል፤ ርደቱ ደርሶ የሜርኩሪው ገጽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይጠፋል፤ ሰዓቱም ይቆማል፡፡ ርቀቱን ለጊዜው ሲያካፍሉት የሞገዱ ፍጥነት ይገኛል፡፡ የመሬት መንቀጥቀጥን ጥናት ዛሬ ዓለም የሚጠራበትን «ሳይስሞሎጂ» የሚለውን ቃል ከግሪክኛ ያዋቀረውም ይኸው ሰው ነው፤ እኔን መጀመሪያ ወደ ታሪኩ የሳበኝም ቃሉ እንጂ አሸዋው አልነበረም፡፡

ውጤቱ ማሌት ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ሆነ፡፡ ሞገዱ በአሸዋው ውስጥ በሰኮንድ 825 ጫማ፣ ማለትም 251 ሜትር ያህል ብቻ ተጓዘ፡፡ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና፣ በምድር ውስጥ የተላከው መልእክት በነፋስ ከተላከው ጩኸት ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው፡፡ በአቅራቢያው ባለው የዳልኪ ግራናይት ላይ ሲደግመው፣ ስንጥቅጥቅ ባለው ዐለት 398፣ ደህና በሆነው ደግሞ 507 ሜትር አገኘ፡፡ ማሌት ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሞገዱን ያዘገየው የማዕድኑ ጠባይ ሳይሆን የአካሉ መቆራረጥ ነው አለ፡፡ አሸዋ አንድ አካል አይደለም፤ እልፍ ቅንጣቶች ተደጋግፈው የቆሙበት ጉባኤ ነው፡፡

ይህ አባባል ሳይፈተን አልቀረም፡፡ በ1876 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ወደብ ሃሌትስ ፖይንት የተባለው ዐለት በፈንጂ ሲናድ፣ ሄንሪ አቦት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ርደቱን በተመሳሳይ ዘዴ ለካ፡፡ መነጽሩ ይበልጥ ሲያጎላ ፍጥነቱም ይበልጥ ከፍ ብሎ ተገኘ፡፡ ስለዚህ የማሌት መሣሪያ ቀድሞ የሚደርሰውን ደካማ ርደት አላየም፤ ያየው ተከትሎ የመጣውን ብርቱውን ነው ሲል ተከራከረ፡፡ ማሌትም ዝም አላለም፡፡ እኔ ስፈርድ፣ በቁጥሩ አቦት ሲረታ በምክንያቱ ማሌት አልተረታም፡፡

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሄርትስ ሁለት ድቡልቡል አካላት ሲጫኑ የሚነካኩበት ስፍራ እንዴት እንደሚሰፋ በስሌት አሳየ፡፡ ጭነቱ ሲበረታ ንክኪው ይሰፋል፤ ንክኪው ሲሰፋ ይገትራል፤ ሞገዱም ይፈጥናል፡፡ በዚህ ስሌት መሠረት ጭነቱ 16 እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 1.6 እጥፍ ያህል መሆን ነበረበት፡፡ በ1963 ዓ.ም. አሜሪካውያኑ ሃርዲን እና ሪቻርት አሸዋን በቤተ ሙከራ እያርገበገቡ ሲለኩ ግን ወደ 2 እጥፍ የሚጠጋ ሆነ፡፡ የእውነት አሸዋ ድቡልቡል አይደለምና፤ ሲጫኑትም የቀድሞው ንክኪ ከመስፋቱ በላይ አዲስ ንክኪ ይወለዳል፡፡

እነዚሁ ሰዎች ሌላም ነገር አሉ፡፡ የፍሬው መጠንም ሆነ የመጠኑ መደባለቅ በራሱ ለውጥ አያመጣም፤ ዋናው በፍሬዎቹ መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ብዛት ነው፡፡ ይህ ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ተጠቀሰ፡፡

በገበያ እህል ሲሰፈር ያየ ሰው ግን ይህን ሕግ ሳይጠራጠር አይቀርም፡፡ በባቄላ የተሞላ ቁና ላይ ጤፍ ቢያፈሱበት ጤፉ በባቄላው መካከል ሾልኮ ይገባል፤ ቁናው ሳይተርፍ ይከብዳል፡፡ ባዶው ስፍራ ቀነሰ፡፡ ከላይ በእጅ ቢጫኑት ግን ክንዱን የሚመክተው እርስ በርሱ የተደገፈው ባቄላ ነው፤ ጤፉ በየጓዳው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፡፡ ጤፉ እየበዛ ሲሄድ ባቄላው ይለያያል፤ በጤፍ ውስጥ የሚዋኝ ይሆናል፤ ሸክሙም ወደ ጤፉ ይዞራል፡፡ በአሸዋና በደለል ድብልቅ ይህ መዞሪያ ብዙውን ጊዜ ደለሉ ከመቶ 30 አካባቢ ሲደርስ ይታያል፡፡ ሚዛንና ስፍር ማን ተሸካሚ ማን ሥራ ፈት እንደሆነ አይለዩም፡፡ ሞገድ ግን ይለያል፤ የሚያልፈው በተደጋገፉት በኩል ነውና፡፡ በተለይም ቅንጣቶችን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄደው ሞገድ በውኃ ውስጥ ፈጽሞ አይጓዝም፡፡ ስለዚህ አፈሩ ውኃ ቢጠግብም እንኳ ይህ ሞገድ የሚያወራው ስለ ፍሬዎቹ አጥንት ብቻ ነው፡፡

ይህን ማወቅ የሰው ቤት ጉዳይ መሆኑ የታየው ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፡፡ በጃፓን የኒጋታ ከተማ ምድር ሲንቀጠቀጥ ውኃ የጠገበው አሸዋ እንደ ፈሳሽ ሆነ፤ በካዋጊሺ-ቾ ሠፈር የነበሩት የመኖሪያ ሕንፃዎችም ሳይፈራርሱ፣ እንደ ደከመ ሰው ወደ ጎን ተጋደሙ፡፡ ግድግዳው አልከዳም፤ የከዳው ከሥር ያለው መደጋገፍ ነበር፡፡

ከዚያ ወዲህ አሸዋን ማዳመጥ የሊቃውንት ጨዋታ መሆኑ ቀረ፡፡ በ1978 ዓ.ም. ሸርሊ እና ሃምፕተን ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚታጠፍ፣ ሲታጠፍም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ የሸክላ ሰሌዳ አፈር ውስጥ ሰክተው ጎንዮሹን ሞገድ ከአንዱ ጫፍ ልከው በሌላው ተቀበሉ፡፡ የማሌት ግማሽ ማይል ወደ አንድ ስንዝር ገባች፤ ባሩዱም ቀረ፡፡ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ አንድረስ እና ስቶኮ በእውነተኛ መንቀጥቀጥ የተፈተኑ ቦታዎችን መዝግበው ወሰን አበጁ፡፡ ፍጥነቱ በጥልቀት ለሚመጣው ጭነት ከታረመ በኋላ፣ ደለል ከመቶ 5 በማይበልጥበት አሸዋ በሰኮንድ 215 ሜትር፣ ከመቶ 35 በላይ ደለል ባለበት 200 ሜትር ከሆነ አፈሩ ይፈሳል ተብሎ አይሠጋም፡፡ እንግዲህ ድብልቁ ወሰኑን ራሱን ያዛውራል፡፡

የ1963ቱ ሕግም በ2009 ዓ.ም. ተመልካች አገኘ፡፡ በጀርመን የሚሠሩት ዊክትማን እና ትሪያንታፊሊዲስ አንዱን የኳርትዝ አሸዋ በወንፊት ለያይተው በ25 ዓይነት መጠን ደባለቁት፤ 163 ጊዜም ለኩት፡፡ በአማካይ የፍሬው ማነስና መተለቅ ለውጥ እንደማያመጣ አረጋገጡ፤ እዚህ ላይ የቀደሙት ትክክል ነበሩ፡፡ መደባለቁ ግን ይቆጠራል፡፡ ባዶው ስፍራ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ትልቁና ትንሹ ይበልጥ በተቀላቀለ ቁጥር አፈሩ ይለሰልሳል፡፡ በቀድሞው ቀመር ብቻ የሰላ መሐንዲስ የተደባለቀውን አሸዋ ከሆነው በላይ ጠንካራ አድርጎ ይገምተው ነበር፤ በላዩም ቤት ያቆምበት ነበር፡፡