ድምፅ ሳይቆጠር ያሸነፈው ከንቲባ

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ ቶም ብራድሊ የሚለውን ስም ሳታውቁት አትቀሩም። ከውጭ አገር የሚገባው መንገደኛ የሚያልፍበት የኤርፖርቱ ትልቁ ተርሚናል የተሰየመው በእሱ ነው። ሻንጣችሁን እየጠበቃችሁ ስሙን ግድግዳ ላይ አንብባችሁት ይሆናል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ሰው ነው። ማታ አሸነፈ ተብሎ ሲነጋ ስለተሸነፈበት ምርጫም ጭምር።

ታሪኩ የካሊፎርኒያ ነው። ጥያቄው ግን የትም አገር ያለ ነው። አንድ ሰው ከምርጫ በፊት "እገሌን እመርጣለሁ" ሲል ምን ያህል ይታመናል? ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ለመሆኑ "መራጭ" የሚባለው ማነው?

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ቶም ብራድሊ በ1917 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። አያቱ ባሪያ ነበሩ፤ ወላጆቹ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ የሚካፈሉ ጭሰኞች። ቤተሰቡ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ልጁ በሩጫ ጎበዝ ስለነበር ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። በ1940 ፖሊስ ሆኖ ተቀጠረና እስከ ሻለቃ ባይሆንም እስከ ሌተናንትነት ወጣ። በዚያን ጊዜ ለጥቁር ፖሊስ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1963 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1969 ለከንቲባነት ተወዳድሮ በአስተያየት ጥናቶች ሲመራ ቆይቶ ተሸነፈ (ይቺን ያዙልኝ)። በ1973 ግን አሸነፈ። ጥቁሮች ከከተማዋ ሕዝብ አንድ አምስተኛ እንኳ በማይሞሉበት ከተማ! ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ከንቲባ ሆነ።

በ1982 ደግሞ ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ተወዳደረ። ልብ በሉ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ጥቁር አገረ ገዥ አልነበረም። ተቀናቃኙ የሪፐብሊካኑ ጆርጅ ዱክሜጂያን ነበር፤ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ፣ የአርመን ስደተኞች ልጅ። የባሪያ የልጅ ልጅና የስደተኛ ልጅ ተፋጠጡ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ መለኪያው እናውራ።

አሜሪካኖች የመራጭን ሐሳብ አስቀድሞ መጠየቅን የተማሩት በውድቀት ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው መጠየቂያ ወረቀት በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መልሶ ላከለት። መጽሔቱም ቆጥሮ "ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል" አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ችግሩ ምን ነበር? አድራሻዎቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማነው? በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ የመለሰው ሰው ካልመለሰው የተለየ ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሎፕ የሚባል ሰው በጣም ባነሰ ቁጥር፣ ግን በጥንቃቄ በተመረጠ ናሙና አሸናፊውን አወቀ።

ይሄን ተማሪ ለማስረዳት ወጥ ይበቃል። የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መጨለጥ አያስፈልግም፤ አንዲት ማንኪያ ትበቃለች። ግን ካላማሰላችሁት ማንኪያዋ ትዋሻለች።

ጋሎፕም ቢሆን በ1948 ወደቀ። እሱና ባልደረቦቹ ዲዊ ትሩማንን ያሸንፋል አሉ፤ ጥናታቸውንም ምርጫው ሳይደርስ ቀድመው አቆሙ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሕዝቡ ሐሳቡን ሲቀይር የሚያይ አልነበረም። ትሩማን የራሱን መሸነፍ የሚያበስር ጋዜጣ ይዞ እየሳቀ የተነሳውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ራስ ምታት ሌላ ሆነ። ናሙናው ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የተጠየቀው ሰው ሁሉ ምርጫ ጣቢያ አይሄድም! አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት፣ በዚያ ዘመን፣ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ድምፅ የሚሰጠው ከግማሽ በታች ነበር። ስትጠይቁት ግን አብዛኛው ሰው "እመርጣለሁ" ይላል። አለመምረጥ ያሳፍራላ!

ስለዚህ በ1950ዎቹ የጋሎፕ ባለሙያ የነበረው ፖል ፔሪ ብልሃት ዘየደ። "ትመርጣለህ ወይ?" ብቻ ብሎ መጠየቅ ቀረ። ስለ ምርጫው ምን ያህል አስበሃል? ምርጫ ጣቢያህ የት እንደሆነ ታውቃለህ? ከዚህ በፊት እዚያ መርጠህ ታውቃለህ? ባለፈው ምርጫ ድምፅ ሰጥተሃል? እንዲህ እንዲህ እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ ይሰጡታል። ነጥቡ ከፍ ያለው "ሊመርጥ የሚችል መራጭ" ተብሎ ይያዛል፤ ዝቅ ያለው ከስሌቱ ይወጣል። ፈተና አርሞ ማለፊያ ነጥብ እንደመቁረጥ ማለት ነው። እኛ መምህራን እንደምናውቀው ደግሞ ማለፊያ ነጥቡን የሚቆርጠው ሰው ውጤቱንም በከፊል ይወስናል። ነጥቡን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉት አንዱ እጩ ይመራል፤ ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ሌላው።

አሁን ወደ 1982 እንመለስ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚህ ሥራ የተከበረው ስም ሜርቪን ፊልድ ነበር፤ ከ1947 ጀምሮ የግዛቱን ሕዝብ ሲጠይቅ የኖረ ሰው። የእሱም የሌሎችም ጥናቶች በምርጫው ዋዜማ ብራድሊ በግልጽ እንደሚመራ ተናገሩ። ኅዳር 2 ማታም ፊልድ ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን ጠይቆ ብራድሊ ያሸንፋል አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙን በዚሁ የድል ትንበያ አወጣ። የብራድሊ ደጋፊዎች ጭፈራ ላይ ነበሩ።

ሲነጋ ዱክሜጂያን አሸንፏል።

ልዩነቱ 93,345 ድምፅ ነው፤ ወደ 7.9 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ። 49.3 በመቶ ለ48.1 በመቶ። እስቲ አስሉት፦ 46,673 ሰዎች ብቻ ከዱክሜጂያን ወደ ብራድሊ ቢዞሩ ኖሮ ታሪክ ይቀየር ነበር። ከ1,000 መራጭ 6 ሰው ማለት ነው።

እንዴት ሆነ? ወዲያው የተሰጠው መልስ አጭርና የሚያም ነበር፦ "ነጮቹ ዋሹ።" ለጠያቂው "ብራድሊን" ብለው መጋረጃው ውስጥ ሲገቡ ሌላውን መረጡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ዘረኛ እንዳይባሉ አፋቸው አንድ ነገር አለ፣ እጃቸው ሌላ ሠራ። ይሄ ግምት እስከ ዛሬ "የብራድሊ ውጤት" እየተባለ ይጠራል። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የ1969ኙን ሽንፈት ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ምርጫው አንድ ወር ሳይቀረው የዱክሜጂያን የቅስቀሳ ኃላፊ የነበረው ቢል ሮበርትስ ለጋዜጠኞች ከመራጩ 5 በመቶ ያህሉ በዘር ምክንያት እውነተኛ ሐሳቡን ለጠያቂ እንደማይናገር ገልጾ ነበር። ነገሩ ቁጣ አስነሳና ሰውየው ሥራውን ለቀቀ። ውጤቱ ሲወጣ ግን ብዙዎች "እውነቱን ነው ለካ!" አሉ።

የኔ ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። ማስረጃውን ስናገላብጠው ነገሩ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም።

አንደኛ፣ የፖስታ ድምፅ። ካሊፎርኒያ በ1978 ሕጓን አሻሽላ ማንም ሰው ምክንያት ሳይሰጥ ቤቱ ሆኖ በፖስታ እንዲመርጥ ፈቀደች። ሪፐብሊካኖች ዕድሉን ቀድመው አዩት። በ1982 ለደጋፊዎቻቸው የፖስታ ድምፅ ማመልከቻ ቤታቸው ድረስ ላኩ። ውጤቱስ? በምርጫው ቀን ጣቢያ ሄደው ከመረጡት መካከል ብራድሊ በልጦ ነበር። የተሸነፈው በፖስታ በመጣው ድምፅ ነው። ፊልድ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የጠየቀው ደግሞ ከጣቢያ የወጣውን ሰው ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ፖስታውን የላሰውን ማን ጠየቀው? ማንም! ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ሊዋሽ አይችልም።

ሁለተኛ፣ የጠመንጃው ጉዳይ። በዚያው ቀን "ፕሮፖዚሽን 15" የሚባል ሽጉጥ ለመቆጣጠር የታሰበ የሕግ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር። በሌላ ጊዜ ለምርጫ ብዙም የማይነቃነቀው የገጠር ሰውና የጦር መሣሪያ ባለቤት በነቂስ ወጣ። ሐሳቡ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ወደቀ። የወጣው ሰው ሽጉጡን ሊያስከብር ነበር የወጣው፤ እግረ መንገዱን ግን አገረ ገዥም መረጠ። የፖል ፔሪ ዓይነቱ ማጣሪያ "ባለፈው መርጠሃል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው ከስሌት የሚያወጣው።

ሦስተኛ፣ ጊዜ። ለዱክሜጂያን ጥናት ያካሂድ የነበረው ላንስ ታራንስ በኋላ እንደጻፈው፣ በእሱ መለኪያ ልዩነቱ ምርጫው ሲቃረብ እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ነበር። ይሄ እንግዲህ ካሸነፈው ወገን የመጣ ምስክርነት ነው፤ እንደዚያው መዝኑት። ግን የ1948ን ትምህርት ያስታውሳል።

ታዲያ ዘር ምንም ሚና አልነበረውም ልንል ነው? በፍጹም! እዚህ ላይ ሁለት ነገር አናምታታ። "መራጩ በዘር ምክንያት ብራድሊን አልመረጠም" ማለት አንድ ነገር ነው። "መራጩ ለጠያቂው ዋሸ" ማለት ሌላ ነገር ነው። ጥቁር አልመርጥም የሚል ሰው ለጠያቂው ፊት ለፊት "ዱክሜጂያንን ነው የምመርጠው" ብሎ ሊናገር ይችላል። አልዋሸም፤ ጥናቱም አልተሳሳተም፤ ዘረኝነቱ ግን አለ። ስለዚህ የጥናት መሳሳት ለዘረኝነት ማስረጃ አይሆንም፤ የጥናት ትክክል መሆንም ዘረኝነት ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። ከ1,000 ስድስት ሰው በቆረጠው ምርጫ ውስጥ ደግሞ ዘር፣ ፖስታውና ሽጉጡ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሚዛኑን ሊደፉ ይችላሉ።

የተዋሸበት ጊዜ ያለ የሚመስልበት ሌላ ቦታም አለ። በ1989 ቨርጂኒያ ውስጥ ዳግላስ ዋይልደር፣ እሱም የባሪያ የልጅ ልጅ፣ ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ጥናቶች በሰፊው ይመራል አሉ፤ ከጣቢያ በር ላይ የተጠየቁትም እንደዚያው። ድምፁ ሲቆጠር ያሸነፈው በ6,741 ድምፅ ብቻ ነው። አሸነፈ፤ በአሜሪካ በሕዝብ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አገረ ገዥም ሆነ። ግን ያ ሁሉ ልዩነት የት ገባ? እዚህ ላይ "ተዋሽቷል" የሚለው ጥርጣሬ ከበድ ይላል።

በ2008 ኦባማ ሲወዳደር ደግሞ አሜሪካ ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይቺኑ "የብራድሊ ውጤት" ጠበቀ። አልመጣችም። ኦባማ ያሸነፈው ጥናቶቹ ከተናገሩት ጋር በተቀራረበ ልዩነት ነው። ዳንኤል ሆፕኪንስ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ የብዙ ዓመት ምርጫዎችን አነጻጽሮ ክፍተቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ እንደጠፋ አሳይቷል። ብራድሊ ይሄን አላየም፤ በ1998 አርፏል። በ1986 ከዚያው ከዱክሜጂያን ጋር እንደገና ገጥሞ በሰፊ ልዩነት ተሸንፎ ነበር። የያኔው ሽንፈት ማንንም አላስገረመም፤ ስለዚህ ስም አልወጣለትም።

ይቺን ነገር አስቡባት እስቲ። ሰውየው የባሪያ የልጅ ልጅ ሆኖ ትልቅ ከተማን 20 ዓመት መርቷል። የ1984ን ኦሎምፒክ ከተማው ላይ አስተናግዷል (አገራችን ከሶቪየት ወገን ቆማ ያልሄደችበት ኦሎምፒክ ማለት ነው)። የአሜሪካ የፖለቲካ መጻሕፍት ግን ስሙን በብዛት የሚያነሱት ከመለኪያ ስህተት ጋር አያይዘው ነው። አንድን ሰው ባልተሳሳተው ስህተት ማስታወስ ደስ አይልም።

ለተማሪዎቼ ከዚህ ታሪክ የምፈልገው ቁጥሩን መሸምደድ አይደለም። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ስታነቡ "ማን ይመራል?" ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ማን ተጠየቀ? መቼ? "ይመርጣል" ተብሎ የተቆጠረው በምን መስፈርት ነው? ያልተጠየቀው ማነው? ልዩነቱስ ከስህተት ህዳጉ ይበልጣል? 1,000 ሰው የተጠየቀበት ጥናት በራሱ እስከ 3 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል፤ ካሊፎርኒያ ያኔ የተቆረጠችው በ1.2 በመቶ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ቤቱ ድረስ በፖስታ ይላክለታል። በ1982 ማንም ያላየው ሰው ዛሬ ዋናው መራጭ ሆኗል። የዛሬው ያልታየ ሰው ደግሞ ስልክ ሲደወልለት የማያነሳው ነው። ማሰላችሁም አላማሰላችሁም ድስቱ ሥር ሁሌም የሚቀር ነገር አለ።

ቸር እንሰንብት።